የአባቴን ካሴቶች ኤዲት ላድርግ ብዬ ከየት ልጀምር?

የዛሬው ደብዳቤ ከሀዋሳ ነው፣ አቶቴ አካባቢ ከምትኖር እህታችን። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ጋሼ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና ቪዲዮ ካሜራ ነበረው፣ ከ1995 እስከ 2000 ዓ.ም. ያለውን የቤታችንን ነገር ሁሉ እሱ ነው የቀረፀው፣ ራሱ ግን አንድም ቦታ አይታይም። ሰባት ሚኒ ዲቪ ካሴት ትቶልናል፣ የታላቅ እህቴ ሰርግ ደግሞ በትልቁ ቪኤችኤስ አለ። ፒያሳ ያለ አንድ ልጅ ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ትንንሾቹ እያንዳንዳቸው 13 ጊጋ ናቸው፣ የሦስት ሰዓቱ ሰርግ ግን 2 ጊጋ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ለእማዬ ለፋሲካ አንድ ፊልም ሰርቼ ቲቪ ላይ ላሳያት ፈልጌ ላፕቶፔ ላይ (ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም) ክራክ የሆነ ፕሪሚየር (የኤዲቲንግ ሶፍትዌር) ጫንኩ፣ ስታክ እያደረገ የሰራሁትን አጠፋብኝ። ካናዳ ያለው ወንድሜ አንድም ነገር እንዳትቆርጪ ይላል። እህቴ ከባሏ ጋር ተፋታለች፣ ልጃቸው አሁን ዩኒቨርስቲ ነው፣ ሰውዬው ግን ካሴቱ ሁሉ ላይ አለ፣ አክስቴ እሱን አውጪው ትለኛለች። ኤዲቲንግ ተምሬ አላውቅም። ከየት ልጀምር? ዘፈንስ የትኛው ይሻላል?»

እሺ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፦ ዘፈን አታድርጊበት። አውቃለሁ፣ እኛ ሀገር ቪዲዮ ኤዲት ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘፈን ነው፣ እኔም የሰርግ ቪዲዮ ሳቀናብር ነው የኖርኩት፣ ደንበኛ መጥቶ ከዘፈን በፊት ሌላ ነገር ሲጠይቅ ብዙም አላየሁም። ግን ደብዳቤሽ ላይ አንድ ነገር ጽፈሽ ቶሎ አልፈሽዋል፣ አባቴ አንድም ቦታ አይታይም ብለሻል። ካሜራ የያዘ ሰው መቼም አይታይም፣ ግን ይሰማል እኮ! የካሜራው ማይክ ለማን አፍ ነው የሚቀርበው? ለእሱ። እናንተን ወደዚህ ዙሩ ሲል፣ ሲስቅ፣ ሲያስል፣ ከኋላ ከእናትሽ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ በካሴቱ ሁሉ ላይ ከማንም በላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው የሚሆነው። እና ዘፈን ጫንሽበት ማለት አባትሽን ከፊልሙ አስወጣሽው ማለት ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው፣ ይሄን ቪዲዮ በዓይንሽ ሳይሆን በጆሮሽ ነው የምትቆርጪው። ስለዚህ ከሶፍትዌርም በፊት ደህና ኢርፎን ግዢ፣ የላፕቶፕ ስፒከር ግማሹን ነገር አያሰማሽም።

አሁን ወንድምሽ። እሱ ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ፣ የምትጣሉበት ነገር የለም። ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ስትቆርጪ ዋናው ፋይል አይነካም፣ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ከዚህ ደቂቃ እስከዚህ ደቂቃ አሳይ የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው፣ ቪዲዮው እንዳለ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል። (ለዛም ነው ፕሮጀክት ሴቭ አድርገሽ የቪዲዮውን ፎልደር ስም ከቀየርሽው ወይ ሌላ ቦታ ካዛወርሽው በነጋታው ፋይሉ የለም የሚልሽ፣ ጠፋ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ወደ ቦታው መልሺው ወይ አዲሱን ቦታ አሳዪው።) ሰባቱ ካሴት አንድ ላይ 91 ጊጋ ነው፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ግዢና ሙሉውን ኮፒ አድርገሽ ለወንድምሽ ሰው ሲሄድ ላኪለት፣ እንደፈለገ ሰባት ሰዓት ይይ። ለራስሽ ደግሞ ሁለት ኮፒ ይኑርሽ፣ አንዱ አንቺ ቤት አንዱ እህትሽ ቤት፣ ምክንያቱም ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ይወድቃል ወይ ዝም ብሎ አልነሳም ይላል። ፍላሽ ላይ አታስቀምጪ፣ ፍላሽ ለመውሰጃ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ካሴቶቹንም እንዳትጥያቸው፣ ሚኒ ዲቪው ጀርባ ላይ ትንሽ ተንሸራታች ነገር አለች፣ ሴቭ የሚለው ላይ አድርጊያት፣ ከዛ በኋላ ማንም በላዩ ላይ መቅረፅ አይችልም፣ እርጥበት የማይነካው ቦታ ይቀመጡ።

እና ደግሞ ወንድምሽ አትቁረጪ ሲል የፈራው ነገር ከንቱ አይደለም። ዛሬ የማይረባ የሚመስለው ነገር በኋላ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፣ አባትሽ ጉዱማሌ ሄዶ ፍቼ ጨምበላላን፣ የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ቀርፆ ከሆነ ለምሳሌ፣ ዩኔስኮ በዓሉን የመዘገበው በ2008 ዓ.ም. ነው፣ የእናንተ ካሴት ከዛ በፊት ሰው በራሱ ካሜራ የያዘው ነው። ቄጣላው (የበዓሉ ጭፈራ) ሲጨፈር ድምፁ ሳይቆራረጥ ረዘም ያለ ነገር ካገኘሽ ያንን ለብቻው ለይተሽ ሙሉውን አስቀምጪው፣ ለእናትሽ ፊልም አንድ ደቂቃ ብትወስጂለትም።

ፕሪሚየሩን አውጪው። መቆጣቴ አይደለም ግን ክራክ ሶፍትዌር ይዞት የሚመጣው ቫይረስ የአባትሽ ቪዲዮ ባለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲገባ አትፈልጊም፣ ካወጣሽው በኋላ ላፕቶፑን ስካን አድርጊው፣ ላፕቶፑ ስካን ሳይደረግ ሃርድ ዲስኩን አትሰኪበት። በምትኩ ሾትካት የሚባለውን ጫኚ፣ ነፃ ነው፣ ክራክ ምናምን አይፈልግም፣ የሌሊት ጥቅል ገዝተሽ ብታወርጂው ወዲያው ያልቃል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነፃው አለው፣ በጣም ጥሩ ነው፣ የሆሊውድ ሰዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት ነው፣ ግን ማውረዱ ብቻ ከ2 ጊጋ በላይ ነው፣ እንደልቡ እንዲሰራ 16 ጊጋ ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ አንቺ ላፕቶፕ ላይ ተመልሶ ስታክ ማድረግ ነው። ካፕከትን ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ ለቲክቶክ አጭር ነገር አሪፍ ነው፣ ለሰባት ሰዓት ካሴት ግን አልመክርሽም።

13 እና 2 ጊጋ ያልሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሚኒ ዲቪ ካሴቱ ራሱ ዲጂታል ነው፣ ልጁ በፋየርዋየር ኬብል አንድ በአንድ ነው የገለበጠው፣ ምንም ሳይጨምቅ ሳይቀንስ፣ የአንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋ ይሆናል፣ እንደዛ ከሆነልሽ ልጁ ስራውን ያውቃል ማለት ነው። የዲቪ ሌላው ጥቅም እያንዳንዱ ፍሬም (በሰከንድ 25 አሉ) ራሱን የቻለ ሙሉ ምስል መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ፋይሉ ትልቅ ቢሆንም ላፕቶፕሽ ላይ አይከብድም፣ የትኛውም ፍሬም ላይ ቁረጪው ወዲያው ይታዘዛል። ኤምፒ4 ግን ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ነው፣ በመሀል ያሉት ላይ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ለዛ ነው ፋይሉ የሚያንሰው፣ ለዛም ነው ወደ ኋላ ወደ ፊት ስትይው ኮምፒውተሩ የሚያቃስተው፣ ምክንያቱም አንዱን ፍሬም ለማሳየት ሌሎቹን ማስላት አለበት። የሰርጉ ይሄ ነው። ግን ሦስት ሰዓት 2 ጊጋ ውስጥ መግባቱ ከልክ በላይ ጨምቆታል ማለት ነው፣ ጨለማ ቦታ ላይ እና ጭፈራው ላይ ምስሉ ሳጥን ሳጥን እያለ ይበጣጠስብሻል፣ እይው እስቲ። ልጁ ጋ ሂጂና በሰከንድ በ8 ሜጋቢት ድገምልኝ በይው፣ 10 ጊጋ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ነገ ዛሬ ሳትይ ዴኩ እየሰራ እያለ ይሁን፣ ቪኤችኤስ ዴክ ማምረት ያቆሙት ቆዩ፣ የመጨረሻው ይባል የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳን በ2016 እ.ኤ.አ. ነው ያቆመው፣ መለዋወጫ ከየት ይመጣል። ሲደግምልሽ መጨረሻው አካባቢ ያለውን አይተሽ ተቀበዪ፣ ርካሽ ካፕቸር እቃ (ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው) ላይ ካሴቱ እየረዘመ ሲሄድ ድምፁ ከአፋቸው እንቅስቃሴ ጋር አልገጥም ይላል፣ መጀመሪያው ላይ አይታወቅም።

አሁን ስራው። ኮምፒውተሩን ገና አትንኪው። ማለቴ ለማየት ነው እንጂ ለመቁረጥ አትክፈቺው። አንድ ደብተር ያዢና ሰባቱንም ካሴት ቁጭ ብለሽ እይ፣ በቀን አንድ፣ ኢርፎን አድርገሽ፣ የ55 ቀን ፆም ከፊትሽ አለ አይደል። ደብተሩ ላይ ካሴት ስንት፣ ስንተኛው ደቂቃ፣ ማን አለ፣ ምን ይባላል ብለሽ ጻፊ። ምን ይታያል ከሚለው ይልቅ ምን ይባላል የሚለውን አስበልጪ፣ ሰው ለብሶ ተደርድሮ ቁጭ ያለበትን ሁላችንም ቤት አለን፣ ግን አያትሽ ስም እየጠራች ስትመርቅ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው። ያሳቀሽ ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ፣ ያስለቀሰሽ ላይም፣ ሁለተኛ ስታዪ ስሜቱ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያውን ስሜትሽን ደብተሩ ካልያዘልሽ ሦስት ሳምንት ቆይተሽ የቱ ጥሩ እንደነበር ግራ ይገባሻል። ሰርግ ቤት ስንሰራ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላብን ያቺ እንትን የት ነበረች ብለን ስንፈልግ ነው፣ ደብተር ያለው ሰው ግማሽ ስራው አልቆለታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አባትሽ ካሜራውን ሳያጠፋ ረስቶት መሬት መሬቱን፣ ጫማ ምናምን የቀረፀበት ቦታ መቼም አይጠፋም፣ የሁሉም ሰው ካሴት ላይ አለ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነው። አንቺ ምስሉን እርሺውና አዳምጪው። ሰው ካሜራ የጠፋ ሲመስለው ነው እንደ ራሱ የሚያወራው፣ ቡና ላይ ያለው ወሬ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ እናትሽ አባትሽን በቤት ስሙ ስትጠራው... ያንን ድምፅ ብቻ ለይተሽ በሌላ ምስል ስር ማስኬድ ትችያለሽ፣ በድሮ ፎቶዎች ስር ለምሳሌ፣ በሞባይል አንስተሽ አስገቢያቸው።

ከዛ ልምምድ። ሰላሳ ደቂቃ ፊልም ልሰራ ብለሽ አትነሺ፣ መጀመሪያ አንድ ሦስት ደቂቃ የምትሆን ነገር ስሪ፣ ከአንድ ካሴት፣ ከአንድ ቀን። አሞራ ገደል ሄዳችሁ አሳ የበላችሁበት ቀን አለ እንበል፣ መቼም የሀዋሳ ሰው ሆኖ ካሜራ ኖሮት እዛ ያልቀረፀ የለም። አባትሽ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዛን ትልልቅ ወፎች፣ ሲያይ ተገርሞ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲቀርፃቸው ታገኚዋለሽ፣ ከአምስቱ ደቂቃ ስምንት ሰከንድ ትወስጃለሽ፣ ያውም አባ ኮዳው አሳ ሲቀማ ወይ ልጆቹ ሲሸሹ ያለውን። ሾትካት ላይ ቪዲዮውን ታይምላይን (ቁራጮቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ጎትተሽ ታስገቢያለሽ፣ መቁረጥ የምትፈልጊበት ቦታ ስትደርሺ ኤስ ትጫኛለሽ ለሁለት ይከፈላል፣ የማትፈልጊውን ቁራጭ ክሊክ አድርገሽ ኤክስ ስትጫኚ ይወጣና ከኋላ ያለው መጥቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። ዜድ ከተጫንሽ ግን ይወጣል ክፍተቱ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ሁለቱን አታምታቺ። ጄ፣ ኬ፣ ኤል ወደ ኋላ፣ አቁም፣ ወደ ፊት ናቸው። ከተሳሳትሽ ኮንትሮል ዜድ። እነዚህን ካወቅሽ ኤዲቲንጉን ጀምረሻል፣ የቀረው ሜኑ ሁሉ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ኪቦርድሽ አማርኛ ላይ ከሆነ ደግሞ ቁልፎቹ አልሰራም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። መብራት ሲሄድ እንዳይቆጭሽ ኮንትሮል ኤስን ልማድ አድርጊው፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ የምትሰሪው በየደቂቃው።

የት ልቁረጥ ነው ዋናው ጥያቄ። ጀማሪ ሁሉ የሚቆርጠው ጥብቅ አድርጎ ነው፣ ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ይጀምራል፣ እንደዘጋ ይቆረጣል፣ ሲታይ ያስጨንቃል ትንፋሽ የለውም። ከመናገሩ በፊት ያለውን አንድ ሰከንድ ተዪለት፣ ከተናገረ በኋላም ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ጠብቂ፣ ብዙ ጊዜ ከንግግሩ ይልቅ የሚበልጠው ከኋላ የሚመጣው ሳቅ ነው። በተቃራኒው ካሜራው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዞር፣ ዙም ሲገባና ሲወጣ (የዛን ጊዜ ካሜራ ያለው ሰው ዙም ያላደረገበት ደቂቃ የለም) ያንን ሳትራሪ አውጪው። ምስል ስትቀያይሪ ሰው ሲንቀሳቀስ ቁረጪ፣ ሊቀመጥ ሲል፣ ስኒ ሲያነሳ፣ ዓይን እንቅስቃሴውን ሲከተል መቆረጡን አያይም።

ድምፅ ላይ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፣ እሱን ብቻ ብትችዪ ፊልምሽ የጀማሪ አይመስልም። ምስሉና ድምፁ አንድ ቦታ ላይ አብረው እንዳይቆረጡ አድርጊ። ሾትካት ላይ ድምፁን ከምስሉ መነጠል ይቻላል፣ ክሊፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ታገኚዋለሽ። ከነጠልሽው በኋላ የሚቀጥለውን ትዕይንት ድምፅ ምስሉ ከመምጣቱ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ አስጀምሪው፣ የገብርኤል ከበሮ እየተሰማ ገና ቤት ውስጥ ስትለባበሱ ይታያል፣ ከዛ ምስሉ ወደ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ይሄዳል። ተመልካቹ ምን እንደተደረገ አያውቅም፣ ብቻ ይፈስለታል። ፍቅር ሀይቅ ዳር የተቀረፀው ላይ ንፋሱ ማይኩን እየመታ ቡፍ ቡፍ ይላል፣ ሃይ ፓስ የሚል የድምፅ ፊልተር አለ፣ 100 ኸርዝ አካባቢ አድርጊው፣ ቡፍታው ይቀንሳል ንግግሩ ይቀራል። ብዙ ከጨመርሽው የአባትሽ ድምፅ ይሳሳል፣ እየሰማሽ ነው የምታስተካክዪው። ድምፁ አንዱ ክሊፕ ላይ ጮክ አንዱ ላይ ዝቅ ካለ እሱንም አመጣጥኚ፣ እናትሽ ሪሞት ይዛ እንድትታገል አታድርጊ።

ልብ ምናምን እየበረረ የሚያልፍበት፣ ምስሉ እንደ ገፅ የሚገለበጥበት ኢፌክት የሚባለውን ሁሉ ተዪው። ሰርግ ቤት ያስገባነው እኛ ነን፣ ደንበኛ ብሩን ምን ላይ እንዳወጣ እንዲያይ ነው፣ አንቺ ለማንም ማሳየት የለብሽም። ጽሑፍ ግን ያስፈልጋል፣ ቦታና ጊዜ፣ ስም። ሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረፀበትን ቀንና ሰዓት ከምስሉ ጋር ደብቆ ይይዛል፣ ካሜራው አሁንም የሚሰራ ከሆነ ዳታ ኮድ የሚል ቁልፍ ወይ ሜኑ ካለው ያሳይሻል። ቀኑ የፈረንጅ ነው፣ ለእናትሽ በእኛ ቀይሪላት፣ 19 ጃንዋሪ 2005 ካለሽ የ1997 ጥምቀት ነው። የካሜራው የውስጥ ባትሪ ሞቶ ከነበረ ግን ቀኑ ዝም ብሎ የማይመስል ነገር ይሆናል፣ በልብስና በልጆቹ ቁመት ነው የምትገምቺው፣ ወይም እናትሽን በዘዴ ትጠይቂያለሽ ሰርፕራይዙን ሳታበላሺ። አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣብሽ ፊደሉን የያዘ ፎንት ምረጪ፣ ኒያላ ወይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ።

የምስሉ ቅርፅ ላይ አደራ፣ የድሮው ቪዲዮ ቁመቱና ወርዱ ሦስት ለአራት ነው፣ የዛሬ ቲቪ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ቲቪውን ይሙላ ብለሽ ከጎተትሽው ሰው ሁሉ ወፍሮ አጥሮ ይታያል። በግራና በቀኝ ጥቁር ይሁን፣ ምን አለበት። ሾትካት መጀመሪያ ያስገባሽውን ክሊፕ አይቶ ራሱ ልኩን ይይዛል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሚኒ ዲቪውን አስገቢ እንጂ የሞባይል ቪዲዮ አታስቀድሚ። ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ካየሽ ደግሞ ካሴቱ አልተበላሸም፣ የድሮ ቪዲዮ እያንዳንዱን ፍሬም ለሁለት ከፍሎ ጎዶሎና ሙሉ መስመሩን ተራ በተራ ስለሚቀርፅ ነው፣ ኤክስፖርት ስታደርጊ (የጨረስሽውን ፊልም አንድ ፋይል አድርገሽ ስታወጪ) ፕሮግረሲቭ የሚለውን ምረጪ፣ ይጠፋል።

የእህትሽ የቀድሞ ባል፣ አማቻችሁ። ይሄ የኤዲቲንግ ጥያቄ አይደለም ግን ጠይቀሻልና እመልሳለሁ። አክስትሽን ሳይሆን እህትሽን ጠይቂ። የእሷ ትዳር ነው፣ የእሷ ሰርግ ነው፣ ሌላ ሰው ተቆጥቶ ሊወስንላት አይችልም፣ አክስትሽ ለእሷ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ለብቻዋ አግኝተሽ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ላይ እሱ አለ፣ ምን ላድርግ?» በያት። ምናልባት ግድ የለኝም ትልሽ ይሆናል፣ ምናልባት ሰርጉ አይታይ ትልሽ ይሆናል፣ ሁለቱንም ተቀበዪ። ሰርጉ ባይገባ ፊልምሽ ምንም አይጎድልበትም፣ ስለ እናትሽና አባትሽ ነው። ሌሎቹ ካሴቶች ላይ በመሀል የሚታየውን ግን ፊቱን ብዥ ማድረግ፣ ወይ ዙም አድርጎ ማስወጣት፣ እሱን አልደግፍም፣ ሰውዬውን ወንጀለኛ ያስመስለዋል፣ ቤተሰቡም በሙሉ ብዥ ያለውን ነው የሚያየው። እሱ ዋና ሆኖ የሚታይበትን አትምረጪ፣ ከሰው መሀል ቆሞ ከታየ ይታይ። ደግሞ ልጃቸው አለ። ለዛ ልጅ ህፃን ሳለ አባቱ ያቀፈበትን፣ አያቱ ከካሜራ ጀርባ ሆኖ የሚያናግረውን ለብቻው አንድ አምስት ደቂቃ ቆርጠሽ ብትሰጪው፣ እህትሽ ከፈቀደች፣ ለአክስትሽ መንገርም አያስፈልግሽም። ዩትዩብ ላይ፣ ፌስቡክ ላይ ልልቀቀው የሚል ሀሳብ ከመጣልሽ ደግሞ አስቀድመሽ የሚታዩትን ሰዎች ጠይቂ፣ ያኔ ካሜራ ፊት የቆመ ሰው ለዘመድ ነው የቆመው።

ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ ይብቃ። ሰላሳ ካልሽ አርባ ይሆናል፣ አርባ ከሆነ እናትሽ ለዶሮ ወጡ ትነሳለች። ሃያው ላይ ለመድረስ ደስ የሚሉ ነገሮችን ማውጣት ይኖርብሻል፣ ያ ነው የሚከብደው፣ እነሱን ለሚቀጥለው ብለሽ ሌላ ፎልደር ውስጥ ሰብስቢያቸው፣ ሙሉው ደግሞ ወንድምሽ ጋ አለ። ከጨረስሽ በኋላ ኤዲት ሲደረግ ላላየ ለአንድ ሰው አሳዪውና ቪዲዮውን ትተሽ የእሱን ፊት እይ፣ ሞባይሉን ያነሳበት ቦታ ረዝሟል ማለት ነው።

ኤክስፖርቱን ማታ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ አስጀምሪውና ተኚ፣ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጪው ይሞቃል። ኤምፒ4፣ ኤች 264 አድርጊው፣ ቲቪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ያነቡታል። ሃያ ደቂቃው ከ4 ጊጋ በታች ነው የሚሆነው፣ ግን ሰርጉን ወይ ሙሉ ካሴቱን ፍላሽ ላይ ልጫን ብለሽ ቦታ እያለው አልችልም ካለሽ ፍላሹ ፋት32 ስለሆነ ነው፣ እሱ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ኤክስፋት አድርገሽ ፎርማት አድርጊው፣ ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ እንዳትረሺ። አሮጌ ቲቪ ከሆነ ደግሞ ኤክስፋትን ላያነብ ይችላል፣ ያኔ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቲቪው ጋር አገናኚው። ለወንድምሽ ሃያ ደቂቃዋን በቴሌግራም ስትልኪለት በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል ላኪ፣ በቪዲዮ ከላክሽው ይጨመቅና ይበላሻል፣ እስከ 2 ጊጋ ይወስድልሻል። እና የበዓሉ ዕለት ሳይሆን ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት እናትሽ ቤት ሄደሽ፣ ቡና ልጠጣ መጣሁ ብለሽ፣ ፍላሹን በዛው ቲቪ ላይ ሰክተሽ ምስሉም ድምፁም መምጣቱን እይ፣ እሷ ጓዳ እያለች።